ጡረተኛው የጉምሩክ ሰው እንዳሉት

ሰኞ 3

አክስቴ «አፍህን ከምትከፍት ጻፍ» ብላ ደብተር ሰጠችኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ማስታወሻ ቢጽፍ የሚያስከስስ ሕግ ስለሌለ ይኸው ጀመርኩ። ለነገሩ በዚህ ቤት አፍ መክፈት ለእኔ አልደረሰኝም። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ከፍተው አልዘጋ ብሏቸዋል።

አንደኛው የአክስቴ ባል ናቸው፣ ጋሼ። አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር የገባችበትን የንግድ ማኅበር ጥላ ትውጣ ባይ ናቸው። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱ ደግሞ ትቆይ ባይ። አክስቴ የምታስፈለፍላቸውን ጫጩቶች በመኪና ጭኖ ድንበር የሚያሻግረው እሱ ስለሆነ፣ ድንበሩ ሲጠብ ጉሮሮውም አብሮ ይጠባል።

ዛሬ ቁርስ ላይ ጋሼ ዳቦ እየቆረሱ «ከእንግዲህ በቤታችን የምናዝ እኛው ነን» አሉ።

ወንድሜ «መጀመሪያ ዳቦውን ይዘዙት ጋሼ፤ ፍርፋሪው ሻይዬ ውስጥ ገባ» አላቸው።

«ፍርፋሪው የመግቢያ ፈቃድ ይዟል?» አልኩ እኔ።

ሁለቱም በአንድ አፍ፦ «አንተ ዝም በል!»

ተደራዳሪዎቹ ሁለት ዓመት ደክመው ያጡትን ስምምነት እኔ በአንድ ቃል አስገኘሁ። የሚያመሰግን የለም።

ረቡዕ 5

ቀኑን ሙሉ የእንቁላል ትሪ ሳጥብ ዋልኩ። እጄ እንደ አሮጊት እጅ ተጨማዷል።

መፈልፈያው ከቤታችን ጀርባ ያለው ረጅም ቆርቆሮ ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል ሁለቱ ማሽኖች አሉ፤ ቁምሳጥን ያክላሉ፣ ሆዳቸው ሁልጊዜ ሙቅ ነው። በሌላኛው ጣቶች ትቀመጣለች። ጣቶች የምላት እኩያዬ የሆነች ልጅ ናት። ሥራዋ አንድ ቀን ያልሞላው ጫጩት ክንፉን ገለጥ አድርጋ ወንድ ይሁን ሴት መለየት ነው። እጇ ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም።

«እኔንስ ለየሽኝ?» አልኳት።

«አንተ ገና አልተፈለፈልክም» አለች፣ ቀና ሳትል።

የእኔ ሙያ ሌላ ነው። ስልክ ላይ ድምፅ እቀይራለሁ። ባለፈው የመብራት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኜ ጋሼን «አምፖሎቻችሁን አውልቃችሁ ቁጠሩልን» አልኳቸው፤ ወንበር ላይ ወጥተው ሲያወልቁ በመስኮት እያየሁ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ወንድሜንም የትራፊክ ፖሊስ ሆኜ መኪናውን ጥግ አስይዤ ይቅርታ አስለምኜዋለሁ። ድምፁ የፖሊስ ነበር፤ ማታ የወረደብኝ ኩርኩም ግን የራሴ ሆነ።

ቅዳሜ 8

ከተማው አበደ። ፀጉር አስተካካያችን ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ የትውጣዎች፣ አንዱ የትቆዮች ሆኗል። «ለእኔ ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ» ስለው ምላጩን ይዞ እስከ በር ሸኘኝ። ግድግዳ ላይ አንዱ የለጠፈውን ሌላው ይለጥፍበታል፤ ግድግዳው ከወረቀት ብዛት ወፍሯል። ሬዲዮው ደግሞ በየሰዓቱ «ድርድሩ በመግባባት መንፈስ ቀጥሏል» ይላል። መንፈስ ብቻ! ሥጋ የሚባል የለውም።

ወሩ ሲያልቅ ቀነ ገደቡም ያልቃል። ወይ ይፈራረማሉ፣ ወይ ጊዜ ያራዝማሉ፣ ወይ ያለ ምንም ስምምነት እንወጣለን። እንዲያ ከወጣን ድንበር ላይ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ፍጡር የለም። አክስቴ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ እንቁላል ይመጣላታል። ማሽን የገባ እንቁላል በሃያ አንድ ቀኑ ጫጩት ነው፤ ቆይ አይባል፣ ድርድር ላይ ነን አይባል። የሚፈለፈለው ከቀነ ገደቡ በኋላ ነው። ግማሹን ብቻ ብታስገባ ለአገር ውስጥ ገበሬዎች ይበቃል፤ ግን ከድንበር ማዶ ያሉ ደንበኞቿን ሌላ ሰው ይወስድባታል። ሁሉንም አስገብታ ድንበሩ ቢዘጋስ? እዚህ ስትደርስ አክስቴ ንግግሯን አትጨርስም።

ጋሼ «ሁሉንም አስገቢ! ለምነው ነው የሚወስዱልን» ይላሉ። ወንድሜ «አንድም እንዳታስገቢ፣ መንገድ ላይ ይዣቸው ልቀር ነው» ይላል። አክስቴ ሁለቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ጠብሰን እንብላው ባይ ነኝ።»

ሳቀች። ከልቧ አልነበረም። ምን ልላት ኖሯል ታዲያ? እኔን ብሎ አማካሪ።

ማክሰኞ 11

የዛሬውስ ጉድ ነው!

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው የአድማጮችን ስልክ ይቀበላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስድድብ። አክስቴ ትሪ ማጠቢያው ጋ ሬዲዮዋን ከፍታ እየሰማች ነው፤ አንዱ «እንበለጽጋለን» ሲል ትሪውን ታስቀምጣለች፣ ሌላው «አለቀልን» ሲል ታነሳለች። ማየቱ ሰለቸኝ። ካርቶን ማከማቻው ውስጥ ገብቼ ደወልኩ።

ድምፄን አጎረነንኩ፣ ሳል ቢጤም ጨመርኩበት። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት በጉምሩክ አገልግዬ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ» አልኩ። አቅራቢው ወዲያው ተለሳለሰ። «አባታችን፣ ይቀጥሉ» አለኝ። ቀጠልኩ። የጊዜ ማራዘሚያው ተፈርሞ አልቋል፣ የሚደብቁት ለወጉ ነው፣ የውስጥ ሰዎች ነግረውኛል፣ ድንበሩ ገና ለወራት እንደ በፊቱ ክፍት ነው አልኩ። «ሰው ሥራውን ይሥራ። ሕዝቡ በከንቱ አይጨነቅ። በተለይ ጫጩት የጫነ መኪና ለአፍታም አይቆምም፤ የሕፃን ነገር ነውና።»

ጫጩቷን የጨመርኩት አክስቴ እንድትስቅ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

ሳቋን ልሰማ ወደ ማጠቢያው ሮጥኩ። አልሳቀችም። እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ቆማለች። ፊቷ ከጫንቃው ላይ ኩንታል ያወረዱለት ሰው ፊት መስሏል።

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«የሚያውቅ ሰው ሲናገር እንዴት ደስ ይላል! አነጋገራቸውስ፣ እርጋታቸውስ!»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጣቶች ከካርቶን ማከማቻው በኩል ብቅ አለች። ባዶ ካርቶን ልትወስድ ገብታ ኖሯል፤ ሁሉንም ሰምታለች። እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ደስ ይበላት።

ረቡዕ 12

ሰውዬው አንቱ ተብለዋል! እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ «አንተ ቀልማዳ» እንጂ አንቱ ተብዬ አላውቅም፤ እሳቸው በአንድ ቀን ዕድሜያቸው የአገር ሽማግሌ ሆኑ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ፦ «ጡረተኛው የጉምሩክ ሰው እንዳሉት»። ጋራዥ ስሄድ፦ «እሳቸው እንዳሉት»። ፀጉር አስተካካዩ ጭራሽ «አውቃቸዋለሁ፣ ረጅም ናቸው፣ ፂማቸው ነጭ፤ እኔው ጋ ነው የሚስተካከሉት» ብሎ ማለ። ኧረ አጭር ናቸው! ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

ማታ እነ ጋሼ ተጣሉባቸው። ጋሼ «የሚወጣ አገር እንዲህ ዓይነት ቆራጥ ሰው ያስፈልገዋል» ሲሉ፣ ወንድሜ «ሰውዬው እንዳንወጣ ነው የሚፈልጉት፣ ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን አለ» ይላል። የምን ሐዘን? ጉንፋን ነው የያዘኝ።

ለአክስቴ ለመንገር ዛሬ አልተመቸኝም። ስልክ ላይ ነበረች።

ሐሙስ 13

እንቁላሉ መጣ። አክስቴ ሁሉንም አስገባች። ሁለቱንም ማሽን። አንድ ትሪ አላስቀረችም።

ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ ትሪ በእጄ አልፏል። ለምን አልተናገርክም ቢባል፣ ሰው ትሪ ይዞ አያወራም፤ ቢወድቅስ?

በሩን ዘግታ እጇን በመጎናጸፊያዋ ጠራረገችና «እኒያን ሰውዬ ዕድሜ ይስጥልን» አለች።

አሜን አልኩ። ምን ልበል!

እሑድ 16

አጉል ሰው ነኝ፣ ግን ክፉ አይደለሁም። ዛሬ ላርመው ሞከርኩ።

ድምፄን አቅጥኜ፣ ነጋዴ ሆኜ ደወልኩ። «እኒያ ጡረተኛ የሚባሉት ውሸታም ናቸው! የተፈረመ ነገር የለም! ሰው እሳቸውን አምኖ ንብረቱን እንዳያጠፋ!» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ እውነት ስልክ ላይ ተናግሬ አላውቅም።

አቅራቢው «ወንድሜ፣ በዚህ ጣቢያ አዛውንት አይሰደብም» ብሎ ጠረቀመብኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እየደወሉ ሰደቡኝ። አንዷማ አልቅሳለች። ትውጣዎችም ትቆዮችም በእኔ ላይ አበሩ።

አክስቴ «ምቀኛ! ድምፁ ራሱ ያስታውቅበታል» አለች።

ጋሼ «እንዲህ ያለውን አግኝቶ ማጅራቱን ነበር» አሉ። ወንድሜ «እኔ ልያዝልዎት» አላቸው። በወር አንድ ጊዜ ቢስማሙ በማጅራቴ ሆነ።

ማክሰኞ 18

እራት ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። በቃ፣ ወገቤን ይዤ «ጡረተኛው እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሼ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ወንድሜ «አንተማ ነህ! መብራት መሥሪያ ቤትም አንተ ነበርክ፣ ትራፊክም አንተ፤ ነገ ደግሞ ዋና ተደራዳሪ ነኝ ትለናለህ» አለ። አክስቴም ሳቀች፣ ዛሬ ከልቧ። «እሳቸውን ተዋቸው እባክህ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቀልድህን በእኛ ተወጣ» አለችኝ።

እኔም ሳቅኩ። ስንስቅ አመሸን። እንግዲህ ነግሬያለሁ። አላምን ካሉ የማነው ጥፋቱ?

ያንን ድምፅ ግን አላሰማኋቸውም። ጉንፋኑ ለቆኝ ነበር።

ረቡዕ 19

ጣቶች የምትለየው ጫጩት ስለሌለ ካርቶን እያጣጠፈች ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ማጠፍ ጀመርኩ።

«ነገርካት?»

«ነገርኳት። ሳቁ።»

«ሳትስቅ ነበር የምትነግራት።»

«ከገባ ገባ! አሁን ብነግራት እንቁላሉ ተመልሶ ዶሮዋ ሆድ አይገባ።»

ካርቶኑን አስቀምጣ አየችኝ። እጇ ቆሞ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እስኪፈለፈል ገና ሁለት ሳምንት አለ። አሁን ብታውቅ ከአሁኑ ለገበሬው ትደውላለች፣ ግማሹን ትሸጣለች። በኋላ ብታውቅ ሁሉም ከሌላ ቦታ ገዝቶ ይጠብቃታል። ቤቱን አስይዛ ነው ሁለተኛውን ማሽን ያመጣችው፤ ይኼ ጫጩት ካልተሸጠ ይወስዱባታል። የምታድሩበትን ቤት።»

«አንቺ ለምን አትነግሪያትም?»

«የእኔ ድምፅ አይደለማ።»

ቀልድ የማታውቅ ልጅ።

ቅዳሜ 22

በብስክሌት ትንሽ ልንሸራሸር ወጣሁ። ለስፖርት። በመንገዴ ያጋጠሙኝን የዶሮ እርባታዎች እግረ መንገዴን «ጫጩት አትጨምሩም?» ብዬ ጠየቅኩ። መጠየቅ ነው እንግዲህ፣ ምን አለበት።

የመጀመሪያው ሰውዬ አጥር ላይ እንዳየኝ በሩን ዘጋ። ዓምና የግብርና ቢሮ ሆኜ ደውዬ ዶሮዎቹን እያንዳንዳቸውን ስም እንዲያወጣላቸው አስደርጌው ነበር። ሃምሳ ደርሶ ነው የነቃው። ሁለተኛዋ ሴትዮ «አክስትህ ትደውል፣ አንተን አላምንም» አለችኝ። ሦስተኛው ከነውሻው አባረረኝ። እስኪመሽ ዞሬ ሁለት ካርቶን የሚወስድ አንድ መነኩሴ የሚመስል ሰው አገኘሁ፤ እሱም ስለማያውቀኝ ነው።

አክስቴ የሱሪዬን ጭቃ አይታ «የት ሄደህ ነው?» አለች።

«ሴት ጋ።»

«ጎበዝ» አለችኝ።

ማክሰኞ 25

ቸኩያለሁ። ሬዲዮ፦ ተስፋ ሰጪ። ትናንትም ተስፋ ሰጪ። ከትናንት ወዲያ እጅግ ተስፋ ሰጪ። አናቴ ሊፈነዳ ነው።

አክስቴ ክፍሉን አጨልማ እንቁላሉን በመብራት አሳየችኝ። የደም ሥሮቹ እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተዋል። መሀሉ ላይ አንድ ነገር ዘለለ።

«ይኼኛው አንተን ነው፣ አርፎ አይቀመጥም» አለች።

ስንቱ እንዲህ እንዳለ ጠየቅኳት። «ከሞላ ጎደል ሁሉም። እንዲህ ያለ ጥሩ እንቁላል መጥቶልኝ አያውቅም» አለች።

መጥፎ ቢሆን ምናለበት? ለአንዴ መጥፎ ቢሆን!

ሐሙስ 27

ዛሬ ልነግራት በሩ ድረስ ሄድኩ። ስትዘፍን ሰማኋት። ተመለስኩ።

እሑድ 30

ተነገረ። ስምምነት የለም፣ ማራዘሚያ የለም። ከነገ ጀምሮ ወጥተናል።

ውጭ ግማሹ ሰው የመኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ ግማሹ መስኮቱን ይዘጋል። ጋሼ ይጨፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ተነስተው ሬዲዮውን አጠፉና አጠገቧ ተቀመጡ። ወንድሜም «አላልኩም?» ይላል ብዬ ነበር፤ አላለም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም በሉ ሲባሉ እምቢ ያሉ ሰዎች፣ ዛሬ የሚናገር ሲፈለግ ጸጥ አሉ። እንዲህ ነው የሚያናድዱኝ።

አክስቴ መጎናጸፊያዋን አጣጠፈች።

«እኒያን ሽማግሌ አታለሏቸው» አለች። «የውስጥ ሰዎች ያሏቸው አታለሏቸው። አሁን ምን ይሰማቸው ይሆን? በዚያ ዕድሜያቸው።»

ወጥቼ ትሪ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፣ ደግሜ አጠብኩት።

ሰኞ 1

እንቁላሉን ከማሽኑ አውጥተን ወደ መፈልፈያ ሳጥኑ አዛወርን። ከዚህ በኋላ አይገላበጥም፣ ይጠበቃል እንጂ። አክስቴ በአንድ ጆሮዋ ስልክ ይዛ ነበር የምትሠራው። ገበሬው ሁሉ ያው መልስ፦ «ባለፈው ሳምንት ገዛን፤ ምነው ቀደም ብለሽ በደወልሽ!»

ምነው ቀደም ብለሽ። ምነው ቀደም ብለሽ። ስድስት ሰው አንድ ቃል ተናገረ።

ጣቶች ወደ እኔ አላየችም። ብታይ ይሻል ነበር።

ሐሙስ 4

ተፈለፈሉ። ከግቢው በር ጀምሮ ይሰማል። ጣቶች ከንጋት ጀምራ ቀና አላለችም። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ካርቶን ይሸከማሉ፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ ልጆች ናቸው» ይላሉ። ትውጣ የሚለውን ባርኔጣቸውን አውልቀው ሁለት ደካማ ጫጩቶች አስቀምጠውበታል።

ጫጩት ከእንቁላሉ ይዞት በወጣው ስንቅ ሦስት ቀን ያህል ሳይበላ ይቆያል። እነሱም ቀነ ገደብ አላቸው፤ የእነሱ ግን አይራዘምም።

ወንድሜ «እሞክራለሁ» አለ። እኔም አብሬው ልሄድ ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ 5

ኬላው። መኪናው ተሰልፎ ጫፉ አይታይም። ከፊታችን ቲማቲም፣ ከኋላችን የቢሮ ወንበር። የቲማቲሙና የወንበሩ ሾፌሮች አስፋልት ላይ ቆመው ይጣላሉ፦ «እናንተ ናችሁ ያወጣችሁን!» «እናንተ ናችሁ ያሰራችሁን!» ቲማቲሙ እግራቸው ሥር መንጠባጠብ ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሀል ገብቼ አንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር።

ከሰዓት ተራችን ደረሰ። ሹሙ ወረቀታችንን ገለባበጠ።

«ከማዶ ያለው የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት ያስፈልጋል።»

«ሐኪሙ የት ነው?» አለ ወንድሜ።

«ገና አልተቀጠረም።»

«መቼ ይቀጠራል?»

«ውይይት ላይ ነው።»

ወንድሜ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መኪናው ተመለሰና መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። የአየር ማራገቢያው እንዳይቆም ሞተሩ በርቷል። ከኋላችን ይጮኻሉ፣ ሁሉም። ሬዲዮው እንደተከፈተ ነበር፤ የአድማጮች ስልክ። ሰው ሁሉ ጡረተኛውን ይሰድባል። «ሌባ»፣ «የተገዛ»፣ «ጡረታውን ይቀሙት»። ፀጉር አስተካካዩ ደውሎ «አይቻቸው አላውቅም» አለ።

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ አክስቴ በዕድሜዋ ሬዲዮ ጣቢያ ደውላ አታውቅም።

«ጫጩት የማስፈለፍል ሴት ነኝ» አለች። «ለእኒያ ለጉምሩክ አባት ነው መልእክቴ። አባባ፣ ሰው እየሰደበዎት ነው። እኔ አልተቀየምኩዎትም። እንቁላሉን ያስገባሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። እርስዎ የሰሙትን ነው የተናገሩት። በዚያ ሰሞን የሚያናግረኝ ሁሉ እየጮኸ ነበር፤ በቀስታ ያናገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እና እንዳይከፋዎት። ይኸው ነው።»

አቅራቢው «አባታችን፣ የሚያዳምጡን ከሆነ መስመሩ ክፍት ነው» አለ።

ወንድሜ በክርኑ ዓይኑን ጠረገ። «ይችን ሴትዮ ያታለላትን ሰው ባገኘው» አለና ተወው።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አስገብቼ ያዝኩት። ከዚያ ዘፈን ተከፈተ።

መኪናውን አዞርን።

ቅዳሜ 6

ስንደርስ ቤታችን ቤት አልነበረም። አልጋዎቹ ግድግዳ ላይ ቆመዋል፣ ጠረጴዛው ግቢ ወጥቷል፣ ጋሼ በጉልበታቸው እየዳሁ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ያነጥፋሉ። በየጣሪያው አምፖል ተንጠልጥሏል፣ ለሙቀት። ወንድሜ ካርቶን ሲያወርድ ጋሼ «ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ መኝታ ቤት» ይሉታል፣ እሱም «እሺ ጋሼ» ይላል። ጣቶች መንገድ ላይ ቆማ ለሚያልፍ ሰው ሁሉ አምስት አምስት ትሰጣለች። ትውጣ ነህ ትቆይ አትልም፣ «ሙቅ ቦታ አለህ?» ብቻ ነው የምትለው። ይኼም ሆኖ ከግማሽ በላይ ቀርቷል። አድገው እስኪሸጡ መኖ ይፈልጋሉ፤ አበዳሪው ይጠብቅ አይጠብቅ ሰኞ ይታወቃል።

አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ውኃ ታስተምራለች። ጫጩት ውኃን አያውቅም፤ አንድ በአንድ አንስቶ ምንቃሩን ሳህን ውስጥ ነከር ማድረግ ያስፈልጋል። ነከር፣ ቀና ይላል፣ ይውጣል፣ ገባው። ቀጣይ። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና አብሬያት ጀመርኩ። ብዙ ቆየን። ዝም ስል ጊዜ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ልስቅ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። አንዱን ጫጩት እጄ ላይ እንደያዝኩ፣ ዓይኔን ሳላነሳ፣ በዚያ በጎረነነው ድምፅ፣ «መልእክትዎ ደርሶኛል እመቤት» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ።»

እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ጋሼም ጋዜጣውን እንደያዙ ቆሙ።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትመታኝ እንዴት ጥሩ ነበር! አላየችኝም እንኳ። በእጇ ያለውን ጫጩት አጠጣችው፣ እስኪውጥ ጠበቀችው፣ አምፖሉ ሥር አስቀመጠችው።

«ሰውዬው ሞተዋል በለኝ» አለች።

«ሞተዋል።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለችና፣ ያልተከፈተውን ካርቶን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው።